«ስልኩ ይሠራል እኮ!»፦ የሚቆራረጥ ዲኤስኤል ችግርና መፍትሄ

ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት፣ ገመዱን ነቅሎ መሰካት፣ የወሩ ሂሳብ መከፈሉን ማየት። ይሄን ሁሉ አድርጋችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ያላደረጋችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። የማወራው በመዳብ የስልክ ሽቦ ስለሚመጣው ኢንተርኔት፣ ዲኤስኤል ስለሚባለው ነው። ፋይበር የገባላችሁ እዚህ ሥራ የላችሁም፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ለጥገና ስጠራ በሩ ላይ የምሰማው ያው ነው፦ «ስልኩ እኮ ይሠራል፤ ሞደሙ ነው የተበላሸው!» ስልኩ መሥራቱ እውነት ነው። ሞደሙ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ይሄ ካልገባችሁ ሄዳችሁ አዲስ ሞደም ትገዛላችሁ፣ ችግሩ እዚያው ይቀመጣል፣ ብሩ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ትንሽ ታገሱኝ።

ሽቦው ላይ የሚሄደው ምንድነው?

በስልክ የሚሄደው የሰው ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለች ጠባብ ቦታ ውስጥ ያልቃል። ሽቦው የተዘረጋውም ለሷ ነው። የድሮው ዳያል አፕ፣ ያ እየጮኸ የሚገናኘው፣ ዳታውን ወደ ድምፅ ቀይሮ እዚችው ቦታ ውስጥ ያጭቀው ነበር። ለዚህ ነው ከ56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ማለፍ ያቃተው። ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ የሚያዘውም ለዚሁ ነው።

ኤዲኤስኤል፣ ቤት የሚገባው የተለመደው የዲኤስኤል ዓይነት፣ ድምፁን አይነካውም። ከሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ይጠቀማል። ከ26 ኪሎ ኸርዝ ገደማ እስከ 138 ድረስ ለመላክ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1104 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ለማውረድ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2208 ኪሎ ኸርዝ ይዘልቃል። ያቺው ቀጭን ሽቦ፣ ለድምፅ ከተሠራችበት ስድስት መቶ እጥፍ በላይ ትጠየቃለች ማለት ነው።

እስከ 2208 ያለው ቦታ ቻናል በሚባሉ 512 ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቻናል 4.3125 ኪሎ ኸርዝ ነው። ሽቦው ላይ አንድና ዜሮ እንዳለ አይሄድም። በየቻናሉ የሚሄደው ሞገድ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 4000 ጊዜ ጉልበቱንና የሚነሳበትን ቦታ ይቀያይራል፤ ንጹህ ቻናል ከሆነ በአንድ ቅያሪ እስከ 15 ቢት ይሸከማል። አባዙት፦ 60 ኪሎ ቢት በሰከንድ። አንዷ ቻናል ብቻዋን የድሮውን ዳያል አፕ ትበልጣለች። ይሄን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

የዲኤስኤል መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት ሞደሙና ማዶ፣ አገልግሎት ሰጪው ጋ ያለው ማሽን እያንዳንዷን ቻናል እየፈተሹ ነው። መርካቶ ውስጥ ጭነት ለተሸካሚ እንደሚከፋፈለው ነው ነገሩ። ጠንካራው 15 ይሸከማል፣ ደከም ያለው 2 ወይም 3፣ የታመመው ምንም። ተከፋፍሎ ሲያልቅ መብራቱ ይረጋል። የላላ መጋጠሚያ 3400 ኸርዝ ያሳልፍና 1 ሜጋ ኸርዝ ላይ ግማሹን ቻናል ይገድላል። ስልካችሁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ኢንተርኔታችሁ የሚሞተው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እዩ

ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ሞደሙ ውስጥ ግቡ። አንዳንድ ሞደም አድራሻው ይለያል፤ ከሥሩ ተለጥፏል። የዲኤስኤል ሁኔታ የሚለው ገጽ ላይ ሦስት ነገር እዩ።

ኤስኤንአር ማርጂን፦ ሽቦው ላይ ካለው ጫጫታ በላይ ስንት መጠባበቂያ እንደቀረ ይነግራችኋል። 6 ዴሲቤል የተለመደው ነው። ከ6 ወርዶ ከተቀመጠ መቆራረጥ ይጀምራል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተኙ። ከአንዱ ደቂቃ ወደ ሌላው 9፣ 3፣ 8፣ 1 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ሽቦው ላይ የላላ ነገር አለ፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

አቴኑዌሽን፦ መንገድ ላይ የሚባክነው ጉልበት ነው። በደህና የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 14 ዴሲቤል ገደማ ይሄዳል። 20ዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። 60 ካለፈ ቤታችሁ ሩቅ ነው ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። ጎረቤታችሁ 25 እያለው እናንተ 48 ካላችሁ ርቀት አይደለም። አንድ ምሰሶ ነው የምትጋሩት!

ሲአርሲ፦ ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ ነው። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ቢጨምር ችግር የለም። እያያችሁት በመቶዎች ከሮጠ ወደሚቀጥለው ክፍል ሂዱ።

ምልክት፦ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፣ ስልክ ሲጠራ ይቆረጣል፣ ስልኩ ሲነሳ ይስተካከላል

ይሄ ነው እንጀራዬ። ሰኔ ሲገባ ስልኬ የማያርፈው በዚህ ነው።

ምክንያቱ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ከምሰሶው ወደ ቤት በሚገባው ሽቦ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከቆርቆሮው ክዳን ጫፍ ሥር፣ አንድ ሰው በሆነ ዘመን ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ አገናኝቷል። ስልክ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይበቃ ነበር። አሁን ናስትሮው ፀሐይ መትቶት ሙጫው ቀልጧል። ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ፣ መሃላቸው ላይ ግን ዝገት አለ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ስልኩ ተዘግቶ ሲቀመጥ በሽቦው ላይ ከማዶ የሚመጣ 48 ቮልት ገደማ አለ፣ ጅረት ግን የለም ማለት ይቻላል። ዝገቱ የልቡን ይሠራል። ስልኩን ስታነሱት በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ አምፒር ይፈሳል። ያ ጅረት ዝገቱን ይበሳውና መጋጠሚያው ለጊዜው ደህና ይሆናል። ስትዘጉት ቀስ በቀስ ይመለሳል። በተቃራኒው ስልክ ሲጠራ ወደ 75 ወይም 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኃይል ይመጣል፤ የላላውን ያናውጠዋል፣ ሞደሙም ይወድቃል።

አንዲት እናት፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ልጃቸው ከውጭ በቪዲዮ ሲደውልላቸው የቤቱን ስልክ አንስተው ትራስ ላይ ያስቀምጡት ነበር። «እማማ፣ ይሄ ለምንድነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ካልተነሳ ምስሉ ይቆማል» አሉኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅባቸዋል። ትክክል ነበሩ እኮ! ከሁላችንም በፊት ብልሽቱን አግኝተውታል፤ ስሙን ብቻ ነው ያላወቁት። ክዳኑ ጫፍ ላይ ወጥቼ ናስትሮውን ስፈታው ውስጡ ጭቃ ነበር።

ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ነው። ባለቤቱ በአንድ ክረምት ብዙ ሞደም ቀያይሯል፤ መደርደሪያው ላይ ደርድሯቸዋል። አንድ በአንድ ሰካኋቸው፣ ሁሉም ደህና። «ወንድሜ፣ ስልኩ ይሠራል እኮ» ይለኛል አሁንም። ስልኩን አንስቼ ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ሬዲዮ ይሰማል! ቀስ ያለ፣ ግን ሬዲዮ። የዛገ መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ፣ ጅረትን በአንድ በኩል ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ፣ ይሠራል፤ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ አጠገብ ካለ ስርጭቱን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ሞደሙ የሚሠራበት ቦታ መሃል ላይ።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ገመድ ያለውን ስልክ አንሱ፤ ገመድ አልባው የራሱ ድምፅ አለው፣ ለዚህ አይሆንም። አንድ ቁጥር ብቻ ነክታችሁ የመደወያው ድምፅ ሲጠፋ አዳምጡ። ዝም ማለት አለበት። የሚንጫጫ፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ አገኛችሁት። ቀጥሎ ስልኩ እንደተነሳ የሞደሙን ገጽ አድሱና ማርጂኑን እዩ። ተነስቶ ከተሻለ፣ ወይም ሲዘጋ ከወረደ፣ መጋጠሚያ ነው።

የት እንደሆነ ለማወቅ ሞደሙን ይዛችሁ ሽቦው ከውጭ ወደሚገባበት የመጀመሪያ ነጥብ ሂዱ። ወደ ቤት ውስጥ የሚሄደውን ሁሉ ፍቱትና ሞደሙን ብቻ እዚያ አገናኙ። ተስተካከለ? ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፣ ሥራው የእናንተ ነው። አልተስተካከለም? ከዚያ ወደ ምሰሶው ነው፤ እሱን አትንኩ፣ አመልክቱ።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ሽቦውን የሚያበራ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ቁረጡት። አረንጓዴው ላይ በምላጭ ፍቆ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ከወር በኋላ ትጠሩኛላችሁ። ጄል ያለውን ትንሽ የስልክ መጋጠሚያ ተጠቀሙ። ሽቦውን ሳትልጡ ታስገቡታላችሁ፣ በፒንሳ ትጫኑታላችሁ፣ ጄሉ ውሃ ይከለክላል። ካላገኛችሁ በስታኞ በይዳችሁ በሙቀት የሚጠብቅ ሽፋን አልብሱት። ናስትሮ ብቻውን አይሆንም። ድርብ ናስትሮም አይሆንም። ናስትሮ ላይ ፌስታል ያሰረ አይቻለሁ፤ እሱማ ውሃውን ያጠራቅማል እንጂ አያስወጣም።

ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ ሆድ ያውጣ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ከገባ ዝናቡን እየመራ ሳሎን ያስገባላችኋል።

ጥንቃቄ፦ ሽቦውን ይዛችሁ ስልክ ቢደወል ይነዝራችኋል። አይገድልም ይላሉ፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው ግን ወድቆ ይሞታል። ደመና ሲያጉረመርም ጭራሽ አትንኩ። የስልክ ሽቦው ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ምሰሶ ከመጣ መጀመሪያ በቴስተር ለኩ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ በነጠላ ጫማ አትውጡ። ይሄን የምለው አይቼ ነው።

ከዚሁ ወገን አንድ ጨምሩ፦ የመደወያ ድምፅ የለም፣ ኢንተርኔቱ ግን እየተንፏቀቀ ይሠራል። ይሄ ሰውን ያደናግራል። ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ተቆርጧል። ከፍተኛው ሞገድ ክፍተቱን ይዘላል፣ የድምፁ ጅረት ግን አይዘልም። አቴኑዌሽኑ አብዶ ታዩታላችሁ። የተቆረጠውን ፈልጉ።

ምልክት፦ ስልክ ሲነሳ ኢንተርኔት ይቆረጣል፣ ወይም ስልኩ ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ

ስፕሊተር ነው። ስፕሊተር ማለት ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ወደ ስልኩ እንዳይሄድ የሚያግድ ማጣሪያ ነው፤ ውስጡ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር አለ። ከሌለ ስልኩ ሲነሳ የሞደሙን ጉልበት ይበላዋል።

መጀመሪያ የምጠይቀው «መኝታ ቤት ሌላ ስልክ አለ?» ነው። «የለም» ይላሉ። አለ። አልጋ ሥር፣ ወይም ሠራተኛዋ ክፍል፣ ወይም ማንም የማይጠቀምበት ፋክስ ዕቃ ቤት ውስጥ። ሽቦው ላይ ያለ እያንዳንዱ ስልክ ማጣሪያ ይፈልጋል፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ዋጋ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው መግቢያው ላይ አንድ ስፕሊተር አድርጎ የቤቱን ስልክ ሁሉ ከሱ ስልክ ቀዳዳ ማውጣት ነው።

ሞደሙን ስልክ የሚለው ቀዳዳ ላይ የሰኩ ደግሞ የዲኤስኤል መብራቱ መቼም አይረጋላቸውም። ማጣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ስፕሊተር አንዳንዱ ባዶ ነው። አንዱን በካቻቢቴ ከፍቼ አየሁት፤ ሦስቱ ቀዳዳ በተራ ሽቦ ተያይዟል፣ ሌላ ምንም የለም። ሳትከፍቱ መለየት ትችላላችሁ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ከመስመር ቀዳዳው እስከ ስልክ ቀዳዳው ያለውን የአንዱን ሽቦ ለኩ። እውነተኛው ጥቅልል ስላለው ጥቂት ኦም ያሳያል። ባዶው ሁለቱን የቴስተር ጫፍ እንዳነካካችሁት ዜሮ ይላል። ነጋዴው ቢቆጣም እዚያው ሱቁ ውስጥ ለኩት።

ምልክት፦ ይሠራል፣ ግን ከተከፈለበት ፍጥነት ግማሹ ነው፤ ማርጂኑም አይዘልም

ቤት ውስጥ ሞቶ የቀረ ቅርንጫፍ ሽቦ ፈልጉ። ድሮ ስልክ የነበረበት ክፍል፣ አሁን ስልኩ ተነስቶ ሽቦው የቀረ። ሞገዱ ጫፉ ድረስ ሄዶ ተጋጭቶ ይመለስና ከራሱ ጋር ይጣላል። 50 ሜትር ገደማ የሆነ ቅርንጫፍ 1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ቻናሎች ይጎዳል። መፍትሄው ከሥሩ መፍታት ነው። ጫፉን ማሸግ አይደለም፣ ከሥሩ!

ሌላው ጠፍጣፋው የስልክ ገመድ ነው። ረጅም ሲሆን አንቴና ይሆናል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሲሆኑ ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ሁለቱ ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጠፋፋል። ሳሎኑን ለማቋረጥ የኔትወርክ ኬብል ግዙና አንዱን ጥንድ ተጠቀሙ። ከዲቫይደሩና ከስታቢላይዘሩ ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉት።

ምልክት፦ ሞደሙ ራሱን እያጠፋ ይነሳል

ሁሉም መብራት አብሮ ከጠፋ መስመሩን ተዉት። የኃይል አስማሚው ነው። መብራት እየሄደ ሲመጣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ያብጣል። ቮልቱ ያው ሆኖ አምፒሩ እኩል ወይም በላይ የሆነ ተኩ። «12 ቮልት ነው፣ ይገባል» ብሎ 0.5 አምፒሩን በ1 አምፒሩ ቦታ የሰካ ዋይፋዩ ሲጨናነቅ ያገኘዋል።

ከዚያ በፊት ግን እባካችሁ ዳንቴሉን አንሱለት። ሞደም ዳንቴል አይለብስም። ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከላዩ አበባ ተደርጎበት አይቻለሁ። በእጅ አይያዝም ነበር።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

የዲኤስኤል መብራት ረግቶ የኢንተርኔቱ ቀይ ከሆነ ሽቦው ንጹህ ነው። የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ጠፍቷል። «የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ይችላል» ተብሎ ሪሴት የምትለዋ ቀዳዳ በመርፌ ተወግታለች። የይለፍ ቃሉን የያዘ ወረቀት ከሌላችሁ ሪሴትን አትንኩ። በምንም ምክንያት አትንኩ።

መብረቅ ካለፈ በኋላ ሁሉም መብራት እየበራ ዲኤስኤሉ ጭራሽ ብልጭ ካላለ የመስመር መግቢያው ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዙ። ለወደፊቱ ዝናብ ሲያስገመግም ከመብራት መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የስልክ ገመዱንም ንቀሉ።

በዋይፋይ ቀርፈፍ ብሎ በኬብል ከፈጠነ ጉዳዩ የስልክ መስመሩ አይደለም።

ጎረቤት ሁሉ ዲኤስኤል አስገብቶ ማርጂናችሁ ቀስ እያለ ከወረደ፣ በአንድ ወፍራም ኬብል ውስጥ ካሉት ጥንድ ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ሞገድ እየሰማ ይረበሻል። ቤት ውስጥ የምትሠሩት የለም። ፍጥነቱ ትንሽ እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ፤ ማርጂኑ ይመለሳል፣ መቆራረጡ ይቀራል።

ብዙም አይገጥምም እንጂ፣ በረጅም አሮጌ መስመር ላይ ድምፅ ለማጥራት የገባ ጥቅልል ካለ ዲኤስኤል ፈጽሞ አይሠራም፤ ማስወጣት የአገልግሎት ሰጪው ሥራ ነው።

ጥፋቱ ከምሰሶው ወዲያ ከሆነና ብልሽት ለማስመዝገብ 994 ከደወላችሁ «ኢንተርኔት የለም» ብቻ አትበሉ። ማርጂኑን፣ አቴኑዌሽኑን፣ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ሞደሙን ብቻ አገናኝታችሁ መሞከራችሁን፣ ስልኩ ሲነሳ የሚሆነውን ንገሩ። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሞደሙ አጠገብ አስቀምጡ፤ ባለሙያው ሲመጣ እናንተ ሥራ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቤት የሚቀረው ሰው ደግሞ «ስልኩ ይሠራል» ብሎ እንዳይመልሰው አደራ በሉት።